መጽሐፍ ያልጻፉ እስረኞች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አስቀድመን የራሳችንን ድካም እንናገር። እኛ እውነተኛ ታሪክ የተጻፈበትን መጽሐፍ ማንበብ አንወድም ነበር። ልብ ወለድ ከሆነ መብራት ቢጠፋ እንኳ በሻማ እንጨርሰዋለን፤ ዓመተ ምሕረት የተደረደረበትን መጽሐፍ ግን ለፈተና ካልሆነ በቀር አንነካውም። ይህም በዩኒቨርሲቲ የምንማረውንም፣ እዚሁ ለገጣፎ ሥራ የያዙትንም የክፍላችንን ልጆች ሁሉ የሚመለከት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስን እንኳ ያወቅናቸው በአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» እና በብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» ነው። ሁለቱም ልብ ወለድ ናቸው፤ ደጋግመን አንብበናቸዋል፤ ስለ መቅደላ በተነሣ ቁጥርም ልባችን ይሞቃል። በዚያው አምባ ላይ እግራቸው በብረት ታስሮ ዓመታት የቆጠሩ ሰዎች እንደነበሩ ግን ቆም ብለን አስበን አናውቅም ነበር።

በዐቢይ ጾም መግቢያ መምህራችን አንድ በፎቶ ኮፒ የተባዛ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዘውልን መጡ። ከእሑድ ትምህርት በኋላ ቡድናችን እየቀረ ጥቂት ጥቂት እንዲያነብ፣ እንግሊዝኛ የሚችለው ለማይችለው እንዲተረጉም አዘዙን። መጽሐፉ ሄንሪ አሮን ስተርን የተባለ ሚስዮናዊ በ1868 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው፤ ስሙም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ምርኮኛው ሚስዮናዊ» ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ፊታችን ጠቆረ። አንደኛ፣ ልብ ወለድ አይደለም። ሁለተኛ፣ ጸሐፊው የእኛ ቤተ ክርስቲያን ልጅ አይደለም። ሦስተኛም፣ ማንበብ ስንጀምር ስለ ሕዝባችንና ስለ ቤተ ክርስቲያናችን በንቀት የጻፋቸው ገጾች አጋጠሙን። ከመካከላችን አንዱ ተቆጥቶ፣ «የሰደበንን ሰው መከራ አንብበን ልናለቅስለት ነውን?» አለ። መምህራችንም፣ «ማልቀሱን ተዉት፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቡት» ብለው ሄዱ። እኛም መታዘዝ ስላለብን ቀጠልን።

ውድ አንባብያን፤ ነገሩን ለመረዳት የሰውዬውን ታሪክ በአጭሩ ማወቅ ያስፈልጋል። ስተርን በ1820 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ከአይሁድ ወላጆች ተወለደ። በጕልማሳነቱ ለንደን ሄዶ ክርስቲያን ሆነ፤ በአይሁድ መካከል ወንጌልን ለመስበክ በተቋቋመው የለንደን ማኅበርም ተልኮ በባግዳድና በቁስጥንጥንያ አገለገለ። ወደ ኢትዮጵያ መጀመሪያ የመጣው በ1860 እ.ኤ.አ. ግድም ሲሆን፣ ዓላማውም በጎንደር አካባቢ ይኖሩ ለነበሩት ቤተ እስራኤል መስበክ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስና አቡነ ሰላማም ፈቀዱ። ፈቃዱ ግን ቃል የተያዘበት ነበር፤ ይኸውም አምኖ የሚጠመቅ ሁሉ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቅ ነው። ይህን ስናነብ የመጀመሪያው ቁጣችን ጥቂት በረደ።

ስተርን ወደ እንግሊዝ ተመልሶ በ1862 እ.ኤ.አ. ስለ ጉዞው አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ የንጉሠ ነገሥቱ እናት ኮሶ ሻጭ እንደነበሩ ጻፈ። በዚያው ዓመት ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ላኩ፤ መልስ ግን አልመጣላቸውም። ስተርን ተመልሶ አገራችን ውስጥ ሳለ በጥቅምት ወር 1863 እ.ኤ.አ. ወደ ንጉሡ ሰፈር ቀረበ። በዚያ ቀን አብረውት የነበሩት ሁለት አገልጋዮቹ እዚያው ተደብድበው ሞቱ። እርሱም ከድንጋጤው የተነሣ እጁን ወደ አፉ ቢወስድ፣ «ጣቱን ነከሰ፤ ሊበቀል ዝቷል» ተባለና ተደበደበ፤ ታሰረም። በኋላም መጽሐፉና ወረቀቶቹ ተመርምረው፣ በጻፈው ነገር ከጓደኛው ከሮዘንታል ጋር ለፍርድ ቀረበ። ሞት ተፈረደበት፤ ሕይወቱ ግን ተረፈ። በጥር 1864 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮን ታሰረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ እስረኞቹ ወደ መቅደላ አምባ ተወሰዱ። ሊያስፈታቸው የተላከው ሆርሙዝድ ራሳም በ1866 እ.ኤ.አ. ሲደርስ ለጥቂት ጊዜ ተፈቱ፤ እንደገናም ራሳም ራሱ ተጨምሮ ተያዙ። ስተርን ከተያዘበት እስከተፈታበት ቀን ያለው ዘመን አራት ዓመት ከስድስት ወር ያህል ነው።

እንግዲህ በየእሑዱ ይህን እየቆራረስን ስናነብ ልባችን ሳናውቀው ተለወጠ። ለምን እንደሆነ ጠይቀን ነበር። ልብ ወለድ ስናነብ ደራሲው ጀግናውን እንደሚያወጣው እናውቃለን፤ ባያወጣውም መጽሐፉን ዘግተን እንተኛለን። እዚህ ግን የእግር ብረቱ እውነተኛ ብረት ነው። ከእስረኞቹ መካከል የነበረው ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ በራሱ መጽሐፍ እንደተረከው፣ ቀለበቱ በእስረኛው ቍርጭምጭሚት ላይ ይደረግና በመዶሻ እየተመታ ይጣበቃል፤ መዶሻው ቢስት አጥንት ይሰብራል። ያ በትዕቢት ይጽፍ የነበረ ብዕር በዚህ ብረት ሥር ሲወድቅ አየነው። የሰደበንን ሰው መጥላት ቀላል ነው፤ እግሩ ታስሮ ሌሊት ሲገላበጥ የሰንሰለቱን ድምፅ ከሰማን በኋላ ግን ጥላቻው በእጃችን አልቆይ አለ።

ከሁሉ ይልቅ የነካን ግን የሌላው ሚስዮናዊ የማርቲን ፍላድ ታሪክ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 እ.ኤ.አ. ፍላድን መልእክት አስይዘው ወደ እንግሊዝ ሲልኩት፣ ሚስቱና ልጆቹ በመያዣነት ቀሩ። ፍላድ ለንደን ደረሰ፤ መልእክቱን አደረሰ፤ ነጻ ሰውም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን በራሱ እግር ወደ ንጉሡ ተመለሰ። በክፍላችን ያሉት ያገቡ ወንድሞች ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። ፍቅር ማለት ምን እንደሆነ በዚያ እሑድ ብዙ ማብራሪያ አላስፈለገንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ስለ ሁለቱ አገልጋዮች መገደል ባነበብንበት ዕለት፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ወንድማችን እጁን አነሣ። ይህ ወንድም እምብዛም የማይናገር ነው። «እናቶቻቸውን ማን ነገራቸው?» አለ።

የሚተረጕምልን ልጅ ገጹን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገለበጠ። መልስ አላገኘንም። ለሚስዮናዊው ማኅበር አለው፤ መንግሥት አለው፤ ጋዜጣ አለው፤ የታሰረበት ወሬ ለንደን ደርሶ ስንት ሰው ተጨንቆለታል። የሁለቱ ኢትዮጵያውያን እናቶች ግን ምናልባት በር በሩን እያዩ ስንት ወር ጠብቀው ይሆናል። ይህን ያሰበ ከእኛ መካከል አንድ ሰው ብቻ ነበር። እርሱም ለምን እንዳሰበው እናውቃለንና አንገታችንን ደፋን።

ይህ ወንድማችን ከጥቂት ዓመታት በፊት በሚሠራበት ሱቅ ገንዘብ ጎደለ ተብሎ ታስሮ ነበር። አሥራ አራት ወር ታስሮ ቆየ። በኋላ ጥፋት አልተገኘበትም ተብሎ በነጻ ተለቀቀ። በእነዚያ አሥራ አራት ወራት ከሰንበት ትምህርት ቤታችን አንድም ሰው ሄዶ አልጠየቀውም። ምክንያት አልጠፋንም፤ ፈተና ደርሶብናል አልን፤ ቦታው ሩቅ ነው አልን፤ «ነገሩ እስኪጣራ እንታገሥ» አልን። እውነተኛው ምክንያት ግን ሰንሰለቱ ስላሳፈረን ነው። ሌባ ከሆነስ? ስማችን ከስሙ ጋር ቢነሣስ? በጸሎት ሰዓት «የታሰሩትን ፍታ» እያልን ስንዘምር ስሙን ለማንሣት እንኳ ድፍረት አላገኘንም። የተፈታ ጊዜ ደግሞ፣ «እንኳን እግዚአብሔር አስፈታህ» ብለን እያቀፍን ሳምነው። እርሱም «አሜን» ብሎ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እዚያው እስከ ዛሬ አለ።

በዚያ ዕለት ከትምህርቱ በኋላ ይቅርታ ልንጠይቀው ከበብነው። አልተቆጣም። እንዲህ ብቻ አለን፤ «እናቴ በየሳምንቱ ምሳ ዕቃ ይዛ ስትመጣ ከኋላዋ አይ ነበር። ነጠላ የለበሰ ሰው ባየሁ ቍጥር ከእናንተ አንዱ ይመስለኝ ነበር።»

ወንድሞችና እኅቶች፤ ስለ ትሕትናም ስለ ፍቅርም ብዙ ስብከት ሰምተናል፤ ይህን የመሰለ ግን አልሰማንም።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ስናነብ ዓይናችን ሌላ ነገር መፈለግ ጀመረ፤ መጽሐፍ ያልጻፉትን እስረኞች። አምባው በእነርሱ የተሞላ ነበር። ፈቃድ የሰጡት አባት አቡነ ሰላማ ራሳቸው በመቅደላ ታስረው፣ በጥቅምት ወር 1867 እ.ኤ.አ. እዚያው ዐረፉ። በኋላ ዐፄ ምኒልክ የተባሉት የሸዋው ልዑልም ዐሥር ዓመት ያህል ተይዘው ኖረው በ1865 እ.ኤ.አ. ከዚያ አመለጡ። ስማቸው ያልታወቀ ባላገሮች፣ መኳንንትና ወታደሮችም ነበሩ። የፈረንጆቹን ደብዳቤ ይዘው ነፍሳቸውን ለአደጋ አሳልፈው ወደ ምጽዋ የወረዱትም መልእክተኞች የአገራችን ልጆች ነበሩ።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ያነበብነው በሰሙነ ሕማማት ነው። ቀኑን ስንቈጥረው ደነገጥን። እንግሊዞች በጄኔራል ናፒየር መሪነት 13 ሺህ ያህል ወታደር ይዘው ወደ መቅደላ የደረሱት በሰሙነ ሕማማት ኖሯል። በጸሎተ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ከመቶ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን እስረኞች ተገደሉ፤ ከገደልም ተወረወሩ። በስቅለት ዕለት በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ፤ ከእኛ ወገን ሰባት መቶ ያህል ሰው ወደቀ። በቀዳም ሥዑር ስተርንና ጓደኞቹ ነጻ ወጡ። በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሞቱ። እንዲህ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ እኛ በምንሰግድባቸውና በምናመሰግንባቸው በእነዚያው ዕለታት፣ ስድሳ ያህል ፈረንጆች ከእስር ሲወጡ፣ ከዚያ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን እስረኞች ወደ ገደል ተጣሉ።

ነገሩም በዚህ አላበቃም። ምርኮኞቹን ሊያስፈታ የመጣው ጦር ሲመለስ ሌላ ምርኮኛ ይዞ ሄደ። ታቦታቱንና የብራና መጻሕፍቱን ዘረፈ፤ ከእነዚያ ታቦታት የተወሰኑት ዛሬም በለንደን በብሪታንያ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን የቀረውን ልዑል ዓለማየሁንም ወሰደው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ሞቱ። ልጁ በባዕድ አገር አድጎ በ1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ ሞተ፤ በዊንድዘርም ተቀበረ። ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 እ.ኤ.አ. አልተቀበለውም። ስተርን ተፈትቶ መጽሐፍ ጻፈ፤ እስከ ሞተበት እስከ 1885 እ.ኤ.አ. ድረስም በአገልግሎቱ ቆየ። ዓለማየሁ ግን ታሪኩን ሳይጽፍ አለፈ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ስለ መጨረሻው ፍርድ ሲናገር ራሱን ከታሰሩት ጋር ቈጥሯል። እስረኛን የጠየቀ እርሱን እንደጠየቀ፣ ያልጠየቀም እርሱን እንዳልጠየቀ ይታሰባል። ልብ በሉ፤ «ንጹሕ ሆኖ የታሰረውን» ብቻ ጠይቁ አላለንም። እኛ ግን ነገሩ እስኪጣራ ጠበቅን። ነገሩ ተጣርቶ ነጻ በወጣ ጊዜ ደግሞ የሚጠየቅ እስረኛ አልነበረም። ፍርድ የዳኛ ሥራ ነው፤ መጠየቅ ግን የእኛ ነው።

ሁለተኛ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት ምዕራፍ 1 ሄኔሲፎሩ የተባለውን ሰው ያመሰግናል። ይህ ሰው የሰበከው ስብከት አልተጻፈልንም፤ ያደረገውም ተአምር የለም። በጳውሎስ ሰንሰለት አላፈረም፤ ሮም ሄዶም ፈልጎ አገኘው። ሥራው ይህ ብቻ ነው፤ በዚህ ብቻ ስሙ በመጽሐፍ ቅዱስ ገባ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 40 ደግሞ ዮሴፍ በእስር ቤት የረዳው የጠጅ አሳላፊ ከወጣ በኋላ ረሳው። እያንዳንዳችን ከሁለቱ አንዱን እንመስላለን። እኛ አሥራ አራት ወር ሙሉ የጠጅ አሳላፊውን መስለን ኖረናል።

ሦስተኛ፣ ወደ ዕብራውያን በተጻፈው መልእክት ምዕራፍ 13 የታሰሩትን ከእነርሱ ጋር እንደታሰርን ሆነን እንድናስብ ታዘናል። ይህን ትእዛዝ ስንሰማው አድገናል፤ «እንደታሰርን ሆነን» ማሰብ እንዴት እንደሚቻል ግን አናውቅም ነበር። እውነተኛ መጽሐፍ በዚህ ረገድ ረዳን። የሰውን መከራ ሰው በጻፈው ቃል ስንከታተለው፣ ያላየነውን ብረት በእግራችን ላይ እንደሚሰማን አድርጎ ያቀርብልናል። ስለዚህ ልብ ወለድ ተዉ አንልም፤ እኛም አልተውንም። ነገር ግን እውነተኛውን ታሪክ የምንሸሸው ስለሚሰለቸን ብቻ አይመስለንም። ልብ ወለድ ካነበብን በኋላ የምንሄድበት ቦታ የለም፤ እውነተኛውን ካነበብን በኋላ ግን ተነሥተን የምንሄድበት ቦታ ይኖራል። የምንፈራው ይህንን ይሆናል።

ከበዓለ ትንሣኤ በኋላ በነበረው ሁለተኛ ቅዳሜ ስድስት ሆነን ወደ አንድ ማረሚያ ቤት ሄድን። መሪያችን ያ ወንድማችን ነበር። መታወቂያ መያዝ እንዳለብን፣ ምግቡን ጠባቂው ፊት ቀምሰን ማስገባት እንዳለብን፣ ሳሙናና ካልሲ ከዳቦ ይልቅ እንደሚናፈቅ እርሱ ነገረን። የትም የማናውቃቸውን፣ ዘመድ የማይመጣላቸውን አራት ሰዎች አስጠራን። ብዙ ስብከት ይዘን ነበር፤ አልተጠቀምንበትም። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ «ማን ላካችሁ?» ብለው ጠየቁን። አንዳችንም አፋጣኝ መልስ አላገኘንም። በመጨረሻ ወንድማችን፣ «አባቴ፣ እኔም እዚህ ነበርኩ» አላቸው። ሽማግሌውም ተቀመጡ፤ ማውራት ጀመሩ። ስንወጣ የነገሩንን ስም፣ የትውልድ መንደራቸውንና መልእክታቸውን በደብተራችን ጻፍን። አሁን በወር አንድ ጊዜ እንሄዳለን፤ ስድስት የነበርነው አሥራ አንድ ሆነናል።

በለገጣፎ ደጃፍ የሚያልፈው አውራ ጎዳና በደብረ ብርሃን አድርጎ ወደ ደሴ ይሄዳል፤ ከደሴ ባሻገር በወሎ ተራሮች መካከል መቅደላ አለ። የጭነት መኪናዎቹ ሌሊት ሲያልፉ እንሰማቸዋለን። ድሮ ድምፃቸው እንቅልፍ ይነሣን ነበር፤ አሁን በሰማነው ጊዜ የዚያን አምባ እስረኞች እናስባለን። ነገር ግን እስረኛን ለማሰብ መቅደላ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከየቤታችን አጠገብ ልጇ የታሰረባት እናት አለች። በበሽታ አልጋ ላይ ታስሮ የቆየ ጎረቤት አለ። በሰው ቤት ተቀጥራ እሑድ እንኳ መውጣት የማይፈቀድላት እኅት አለች። እነዚህ ሁሉ መጽሐፍ አይጽፉም። ምናልባትም መጽሐፋቸው እኛ ነን፤ ሄደን ካልጠየቅናቸው ማንም አያነባቸውም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን አንድ ስም እንያዝ። ስሙን ከጸሎታችን መጽሐፍ ጋር በወረቀት ጽፈን እናስቀምጥ፤ ከዚያም እስከ ሚቀጥለው እሑድ ድረስ ሄደን እንጠይቀው። ባዶ እጃችንን ብንሆን እንኳ እንሂድ። ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ወንድማችን ከዳቦውም ከሳሙናውም በፊት ሲጠብቅ የነበረው ነጠላ የለበሰ ሰው ነበርና።

የታሰሩትን የሚፈታ፣ የተረሱትን የሚያስብ አምላክ ለዚህ ሥራ ጕልበቱንም ድፍረቱንም ያድለን። ያሳለፍነውንም ይቅር ይበለን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።